ከአይሲዲ-10 ወደ አይሲዲ-11 መሻገር፦ ለጤና ተቋማት ደረጃ በደረጃ የአሠራር መመሪያ

«የማዛመጃ ሠንጠረዡን አውርደን አሮጌውን ኮድ ሁሉ በአንድ ሌሊት በአዲሱ ብንተካውስ?» ከመዝገብ ክፍልም፣ ከአይቲም፣ ከሥራ አስኪያጅም ደጋግሞ የሚመጣው ጥያቄ ይኸው ነው። መልሱ አጭር ነው፤ አይሆንም። አይሲዲ የዓለም ጤና ድርጅት የሚያወጣው፣ ለበሽታዎች ኮድ የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ምደባ ነው፤ አይሲዲ-10 አሥረኛው፣ አይሲዲ-11 አሥራ አንደኛው ክለሳው ነው። የማዛመጃ ሠንጠረዥ ደግሞ የአንዱን ኮድ ከሌላው አቻው ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጣል። አይሲዲ-10 ያልጠየቀውን ዝርዝር ግን አይሲዲ-11 ይጠይቃል። ሐኪሙ ያኔ ያልጻፈውን ነገር ደግሞ የትኛውም ሠንጠረዥ አይወልደውም።

ይህ መመሪያ አይሲዲ-10ን በኤሌክትሮኒክ መዝገብ ለሚጠቀም ክሊኒክና ሆስፒታል የተዘጋጀ ነው። በወረቀት ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ደረጃ 4ን ዝለሉት። ለመካከለኛ ሆስፒታል ከ9 እስከ 12 ወር ያዙ፤ ለትንሽ ክሊኒክ 4 ወር ይበቃል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ኮዶቹ በሥርዓቱ ውስጥ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። እዚህ ፊደላቱን በአጠራራቸው አስቀምጠናል። «ቢኤ00» ስንል ሁለት ፊደልና ሁለት ዜሮ ማለታችን ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባለፉት 12 ወራት የተሰጡ የምርመራ ኮዶች ዝርዝር፣ እያንዳንዱ ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ጭምር። የታካሚ ስምና የካርድ ቁጥር አይገባበትም።
- የዓለም ጤና ድርጅት የማዛመጃ ሠንጠረዦች። በአይሲዲ-11 ማሰሻ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛሉ። ከ10 ወደ 11 የሚሄደውንም ከ11 ወደ 10 የሚመለሰውንም አውርዱ፤ አንዱ የሌላው ግልባጭ አይደለም።
- የኮድ መፈለጊያ መሣሪያው (ኮዲንግ ቱል)፣ በኢንተርኔት ወይም በራሳችሁ ሰርቨር ላይ የተጫነ።
- ታካሚ ከሚስተናገድበት ሥርዓት የተለየ የሙከራ ዳታቤዝ።
- 200 ያህል የተዘጉ የሕክምና መዝገቦች፣ ከሁሉም ክፍሎች የተውጣጡ።
- ቢያንስ 2 ኮደሮች (የሐኪሙን ማስታወሻ አንብበው ኮድ የሚሰጡ ሠራተኞች)፣ 1 የዳታቤዝ ባለሙያ፣ የመድን ክፍያ የሚከታተል 1 ሰው፣ ሪፖርት የሚያዘጋጅ 1 ሰው፣ እንዲሁም ክርክር ሲነሳ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጥ 1 ሐኪም። ይህ ሐኪም ከሌለ ደረጃ 3 ላይ ትቆማላችሁ።

በቅድሚያ፦ አዲሱ ኮድ እንዴት እንደተሠራ

ይህን ካልያዛችሁ የሚቀጥሉት ደረጃዎች ትርጉም አይሰጡም።

የመጀመሪያው ምልክት ምዕራፉን ያሳያል። ከምዕራፍ 1 እስከ 9 ቁጥሩ ራሱ ይገባል፤ ከዚያ ኤ ለ10ኛው፣ ቢ ለ11ኛው እያለ ይቀጥላል። ሁለተኛው ምልክት ሁልጊዜ ፊደል፣ ሦስተኛው ሁልጊዜ ቁጥር ነው። ከዜሮና ከአንድ ጋር እንዳይምታቱ ኦ እና አይ የተባሉት ፊደላት ከኮዱ ውጭ ተደርገዋል። ግንድ ኮድ በዋይ ካበቃ «ሌላ የተገለጸ»፣ በዜድ ካበቃ «ያልተገለጸ» ማለት ነው።

ግንድ ኮድ ብቻውን ይቆማል። በኤክስ የሚጀምረው ቅጥያ ኮድ ግን ብቻውን አይጻፍም፤ ጎንን፣ ክብደትን፣ ጊዜን፣ ተህዋስን የመሰለ ዝርዝር ለመጨመር ግንዱን ይከተላል። ሁለት ግንዶች በ«/» ይያያዛሉ፣ ቅጥያ በ«&» ይጨመራል። ተያይዞ የተጻፈው ሁሉ ዘለላ ይባላል፤ በእንግሊዝኛው ክላስተር የሚሉት ነው።

ምሳሌ፦ ታካሚው ዓይነት 2 የስኳር በሽታ አለበት፤ በሽታውም የግራ ዓይኑን ሬቲና ጎድቶታል። በአይሲዲ-10 ኢ11.3 ተብሎ ያልቃል። በአይሲዲ-11 የሬቲናው ጉዳት 9ቢ71.0፣ የግራ ጎን ኤክስኬ8ጂ፣ ስኳሩ 5ኤ11 ነው፤ ሲያያዝ 9ቢ71.0&ኤክስኬ8ጂ/5ኤ11 ይሆናል። አሮጌው ኮድ «የዓይን ችግር» ከማለት አያልፍም። ሬቲና ይሁን ሞራ፣ ግራ ይሁን ቀኝ፣ ከዚያ ላይ ሊወጣ አይችልም።

ደረጃ 1፦ ኮድ የሚያርፍበትን ቦታ ሁሉ መዝግቡ

ከታካሚ ምዝገባ ጀምራችሁ እስከ ወርሃዊ ሪፖርት ተከተሉት፦ የሐኪሙ ማስታወሻ፣ የላቦራቶሪና የራጅ መጠየቂያ፣ የሪፈር ወረቀት፣ የመድን ክፍያ ጥያቄ፣ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የጥናት መዝገቦች። ከሥርዓቱ ውጭ ያሉትንም አትርሱ፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የኮድ ዝርዝርና የሪፖርት ሠራተኛዋ በራሷ ኮምፒውተር ላይ የሠራችው የኤክሴል ፋይል ዋነኞቹ ናቸው።

ለእያንዳንዱ አራት ነገር ጻፉ፦ ማን ያስገባል፣ ማን ያነባል፣ ኮዱ የሚገባበት ቦታ ስንት ፊደል ይይዛል፣ ሥርዓቱ የኮዱን ቅርጽ ይፈትሻል ወይስ አይፈትሽም። በመሸጋገሪያው ቀን የሚሰበረው ብዙውን ጊዜ በዚህ ዝርዝር ላይ ያልገባው ነገር ነው።

ደረጃ 2፦ ቀኑን፣ የቀኑን ደንብና ዕትሙን ቁረጡ

ቀን መምረጥ ቀላል ነው። ከባዱ፣ ከዚያ ቀን በፊት ተኝቶ ከቀኑ በኋላ ለሚወጣ ታካሚ የትኛው ኮድ ይሰጥ የሚለው ነው። ለተኝቶ ታካሚ የመውጫ ቀኑን፣ ለተመላላሽ የጉብኝቱን ቀን ያዙ። ኮዱ የሚሰጠው ሕክምናው ሲዘጋ ስለሆነ አንድ መዝገብ ለሁለት አይከፈልም። መረጃው ወደ ኮምፒውተር የገባበትን ቀን መለኪያ አታድርጉ፤ ሳይገባ የቆየ የወረቀት ክምር ሁሉ በአዲሱ ኮድ ይገባና የድሮውን ወር ሪፖርት ያጎድለዋል።

አይሲዲ-11 በየዓመቱ አዲስ ዕትም ይወጣለታል። አንዱን መርጣችሁ እስከ መሸጋገሪያው ድረስ አትንኩት። መድን ከፋዩና ሪፖርት ተቀባዩ በዚያው ቀን ዝግጁ መሆናቸውን በጽሑፍ አረጋግጡ። ካልሆኑ ለእነሱ የሚላከውን በአሮጌው ኮድ ማዘጋጀት መቀጠል አለባችሁ፤ ለዚህም የሰው ኃይል ይመደብ።

ደረጃ 3፦ ብዙ ጊዜ የምትጠቀሙባቸውን ኮዶች በእጅ አዛምዱ

የ12 ወሩን ዝርዝር ከብዙ ወደ ጥቂት ደርድሩ፤ ከላይ እየቆጠራችሁ ከጠቅላላው 80 በመቶ ላይ ስትደርሱ መስመር አስምሩ። በአብዛኛው ተቋም ከመስመሩ በላይ የሚቀሩት ኮዶች ከምትገምቱት ያንሳሉ። እነዚህን ሁለት ኮደሮች ለየብቻቸው፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ ያዛምዱ። የተለያዩበትን ሐኪሙ ይወስን፤ ምክንያቱም አጠገቡ ይጻፍ። ከሦስት ወር በኋላ ያው ክርክር ሲነሳ ያች ማስታወሻ ታስፈልጋችኋለች።

እያንዳንዱን ኮድ ከሦስቱ በአንዱ መድቡ፦

ሀ. አንድ ለአንድ። መነሻው የማይታወቅ የደም ግፊት አይ10 ቢኤ00 ይሆናል፤ ፋልሲፓረም በተባለው ተህዋስ የሚመጣው ወባ ቢ50 ደግሞ 1ኤፍ40። እነዚህ ላይ ጊዜ አታጥፉ።

ለ. ምዕራፍ የቀየሩ። ትልቁ ምሳሌ ስትሮክ ነው። በአይሲዲ-10 ከልብና ከደም ዝውውር በሽታዎች ጋር ነበር፤ በአይሲዲ-11 ወደ ነርቭ ሥርዓት ምዕራፍ ሄዷል። ዓይነቱ ያልተለየው ስትሮክ አይ64 አሁን 8ቢ20 ነው። ኮዱን ማዛመድ የደቂቃ ሥራ ነው። ጣጣው ሪፖርቱ ላይ ነው፤ «የደም ዝውውር በሽታዎች» የሚለው መስመር በአንድ ወር ውስጥ ሲወርድ፣ ምክንያቱን ያልተነገረው አለቃ ሕክምናው ተሻሻለ ብሎ ሊደሰት ይችላል።

ሐ. አንድ ለብዙ። አሮጌው ኮድ ሲከፈት ሐኪሙ ተጨማሪ ነገር ካልጻፈ አይመረጥም። ኤችአይቪን ውሰዱ። በአይሲዲ-10 ከቢ20 እስከ ቢ24 ያሉት የሚለያዩት ቫይረሱ ባስከተለው በሽታ ነው። አይሲዲ-11 ግን በቅድሚያ ከቲቢ ጋር ነው (1ሲ60)፣ ከወባ ጋር ነው (1ሲ61)፣ ወይስ ሁለቱም አልተጠቀሱም (1ሲ62) ብሎ ይጠይቃል፤ ቀጥሎ ከ1 እስከ 4 ያለውን የሕመም ደረጃ። ሐኪሙ «ኤችአይቪ» ብሎ ብቻ ከጻፈ ኮደሩ ያልተገለጸ የሚለውን ከመምረጥ ውጭ አማራጭ የለውም።

የሦስተኛው ምድብ ዝርዝር በሐኪሞች ሥልጠና ላይ የምታቀርቡት ዋናው ጽሑፍ ነው። ለብቻው አትሙት።

ደረጃ 4፦ ዳታቤዙን አስተካክሉ

በጸጥታ የሚበላሽ መረጃ የሚፈጠረው እዚህ ነው።

1. የቦታውን ርዝመት ጨምሩ። ለአይሲዲ-10 ብዙ ጊዜ የሚመደበው ከ5 እስከ 7 ፊደል ነው። ዘለላ ግን የተወሰነ ርዝመት የለውም። ቢያንስ 255 ፊደል የሚይዝ የጽሑፍ ቦታ አድርጉት። አንዳንድ ሥርዓት ትርፉን ያለ ምንም መልእክት ይቆርጠዋል፤ ዲኤ63.ዜድ/ኤምኢ24.90 (የሚደማ የዱዮዲነም፣ ማለትም የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ክፍል፣ ቁስለት) ተቆርጦ ዲኤ63.ዜድ ብቻ ሲቀር መድማቱ ጠፋ ማለት ነው፤ የቀረው ግን ትክክለኛ ኮድ ስለሚመስል ማንም አይጠረጥርም።

2. ዘለላውን በሁለት መልክ አስቀምጡ። አንደኛ እንደተጻፈ፤ ሁለተኛ ተበትኖ፣ እያንዳንዱ ኮድ በራሱ ረድፍ ከቅደም ተከተል ቁጥሩ ጋር። የመጀመሪያው ለመላክ፣ ሁለተኛው ለመቁጠር ነው። ካልበተናችሁት «ስንት የስኳር ታካሚ አለን?» ለሚለው ከዘለላው መጀመሪያ ላይ ያሉትን ብቻ ትቆጥራላችሁ።

3. ከእያንዳንዱ ኮድ ጎን የምደባውን ስምና ዕትም የሚይዝ ዓምድ ጨምሩ። አሮጌውን ኮድ አትሰርዙ፣ በላዩም አትጻፉ። እግረ መንገዱን አንድ ምቹ ነገር አለ፦ በአይሲዲ-10 ሁለተኛው ምልክት ቁጥር፣ በአይሲዲ-11 ፊደል ስለሆነ ሁለቱ አይምታቱም። ዓምዱ ባዶ ሆኖ ያገኛችሁትን መዝገብ በዚህ ለዩት።

4. ሐኪሙ በራሱ ቃል የጻፈውን ምርመራ ከኮዱ ጋር አቆዩ። ኮዱ ስህተት ሆኖ ሲገኝ መመለሻችሁ እሱ ብቻ ነው።

5. የቅርጽ መፈተሻውን ቀይሩ። «ፊደል፣ ቁጥር፣ ቁጥር» የሚለው አሮጌ ሕግ አዲሶቹን ኮዶች ሁሉ ይጥላል። አዲሱ ሕግ ኦ እና አይን ይከልክል፤ «/» እና «&»ን ይቀበል። በኤክስ የሚጀምሩት ኮዶች ያለ ነጥብ 5 እና 6 ምልክት ሊሆኑ እንደሚችሉም አስቡ።

ጥንቃቄ፦ ኤክሴል። 1ኢ50 (አጣዳፊ የቫይረስ ጉበት ብግነት) በላቲን ፊደል ሲጻፍ ለኤክሴል ኮድ ሳይሆን ቁጥር ነው፤ 1 ከኋላው 50 ዜሮ ያለው ብሎ ያነበዋል። ኢንፍሉዌንዛ 1ኢ30ም እንዲሁ። ፋይሉ አንዴ ተከፍቶ ከተቀመጠ በኋላ ኮዱ አይመለስም። ዓምዱን በቅድሚያ «ጽሑፍ» ብላችሁ ሰይሙ፤ ከዳታቤዝ የሚወጣ ፋይልንም በድርብ ጠቅታ ከመክፈት ይልቅ በማስገቢያው ትእዛዝ አምጡት።

ደረጃ 5፦ የመፈለጊያ መሣሪያውን ከመዝገቡ ጋር አገናኙ

አዲሱን ኮድ በቃል መያዝም፣ በእጅ መተየብም የለበትም። ኮደሩ የበሽታውን ስም ይጽፋል፣ መሣሪያው አማራጭ ያቀርባል፣ የተመረጠው ኮድ በራሱ መዝገቡ ውስጥ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ነጻ ኤፒአይ (ሁለት ሥርዓቶች መረጃ የሚለዋወጡበት መገናኛ) አለው። ኢንተርኔት የሚቋረጥባችሁ ከሆነ ያንኑ አገልግሎት በራሳችሁ ሰርቨር ላይ መጫን ይቻላል፤ ስንጠየቅ የምንመክረው ይህኛውን ነው፣ መስመር በተቋረጠ ቁጥር ኮዲንግ እንዳይቆም። ለሞት ምክንያት ደግሞ ዶሪስ የሚባለው የዚያው ድርጅት ነጻ መሣሪያ ዋናውን መንስኤ በአይሲዲ-11 ደንብ ለመምረጥ ያግዛል።

ጥንቃቄ፦ የሚፈለግ ኮድ ስታጡ የራሳችሁን አትፍጠሩ። የአይሲዲ-11 የአጠቃቀም ፈቃድም አይፈቅድም፤ ተቀባዩም አያውቀውም።

ደረጃ 6፦ አሠልጥኑ፣ ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም

ለሐኪሞች ኮድ አታስተምሩ። በየክፍላቸው በብዛት የሚያዩዋቸውን 20 በሽታዎች በአንድ ገጽ አትማችሁ፣ በእያንዳንዱ አጠገብ «ይህን ደግሞ ጻፉ» በሉ፦ ጎን፣ ደረጃ፣ ተህዋሱ በላቦራቶሪ ተረጋግጧል ወይ፣ የምን ውጤት ነው። 45 ደቂቃ በቂ ነው፤ ከዚያ ካስረዘማችሁት ሁለተኛ ቀን አይመጡም።

ለኮደሮች ከመሸጋገሪያው ከ8 እስከ 10 ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ከዚያ ቀድሞ የተሰጠ ሥልጠና ልምምድ ስለማይከተለው ይረሳል። ከዘለላ አጻጻፍ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ መውሰድ ያለበት የዋና ሕመም አመራረጥ ነው፤ ምክንያቱም ደንቡ ራሱ ተቀይሯል። በአይሲዲ-10 ሕመሞች ሲበዙ ብዙ ሀብት የወሰደው ዋና ይባል ነበር። በአይሲዲ-11 ዋና ሕመም ማለት ታካሚው እንዲተኛ ምክንያት የሆነው ነው፤ የሚወሰነውም ሕክምናው ሲያበቃ ነው። በሳንባ ምች ተኝቶ በሦስተኛው ቀን ስትሮክ የመታው ታካሚ ሁለት ሳምንት በስትሮኩ ምክንያት ቢቆይም ዋናው ሕመም የሳንባ ምቹ ነው። ስትሮኩ ከተኛ በኋላ የመጣ መሆኑን በሚያሳይ ቅጥያ ተጨማሪ ሆኖ ይመዘገባል። ነባር ኮደሮች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ፤ አዲሶቹ ብዙም አይቸገሩም።

ደረጃ 7፦ ለ8 ሳምንት በሁለቱም ኮድ ሥሩ

ሁሉንም መዝገብ ሁለቴ አትሥሩ፤ ሰው ይደክማል። 200ዎቹን መዝገቦች በሳምንት 25 እየከፈላችሁ በሁለቱም ምደባ ኮድ ስጡ። ሦስት ነገር ለኩ፦

- ስምምነት። ሁለት ኮደሮች ለአንድ መዝገብ አንድ ዓይነት ግንድ ኮድ ሰጡ ወይ? ከ10 መዝገብ ከ8 በታች ከተስማሙ ቀኑን ከማራዘም በፊት የሐኪሙን ማስታወሻ ተመልከቱ፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።
- ጊዜ። በአንድ መዝገብ የሚጠፋውን ደቂቃ ያዙ። ለመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያስፈልጋችሁን ተጨማሪ ሰው የሚነግራችሁ ይህ ነው።
- የንጽጽር ጥመርታ። በአዲሱ የተቆጠረውን በአሮጌው ለተቆጠረው አካፍሉ። በ200ዎቹ ውስጥ የደም ዝውውር በሽታ በአሮጌው 25፣ በአዲሱ 15 ከሆነ 0.6 ነው። ይህ ቁጥር ከመሸጋገሪያው በፊትና በኋላ ያለውን ሪፖርት ጎን ለጎን ለማንበብ ያስችላል። በ200 መዝገብ የተገኘ ጥመርታ ለትልልቆቹ ምድቦች አቅጣጫ ያሳያል፤ ብርቅ ለሆኑ በሽታዎች አትጠቀሙበት።

ደረጃ 8፦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞክሩ

30 ምናባዊ ታካሚ ፍጠሩና ከምዝገባ እስከ ክፍያ ምላሽና ወርሃዊ ሪፖርት አሳልፏቸው። ከእነሱ ውስጥ እነዚህ ይኑሩ፦ ረጅም ዘለላ ያለው፣ 1ኢ50 የተሰጠው፣ ኤችአይቪና ቲቢ ያለበት፣ የሞተ፣ ከመሸጋገሪያው በፊት ተኝቶ በኋላ የወጣ፣ በአሮጌ ኮድ የተዘጋና ቆይቶ የሚታረም። የመውጫው ወይም የጉብኝቱ ቀን ከመሸጋገሪያው በኋላ የሆነ መዝገብ በአሮጌ ኮድ ለማስገባትም ሞክሩ፤ ሥርዓቱ እምቢ ማለት አለበት።

ደረጃ 9፦ የመሸጋገሪያው ቀን

1. ያልተዘጉ መዝገቦችን ቆጥራችሁ ቁጥሩን ጻፉ።
2. የዳታቤዙን ቅጂ ውሰዱ፤ ቅጂውን በሌላ ማሽን ላይ መልሳችሁ ክፈቱት። ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ እንደሌለ ይቆጠራል።
3. አሮጌውን የኮድ ዝርዝር የመውጫው ወይም የጉብኝቱ ቀን ከመሸጋገሪያው ወዲህ ለሆነ መዝገብ ዝጉ፤ ለንባብና ሳይገቡ ለቆዩ የቀድሞ መዝገቦች ክፍት ተዉት።
4. አዲሱን ክፈቱ፤ የመጀመሪያዎቹን 10 መዝገቦች በዓይናችሁ ተመልከቱ።
5. ግድግዳ ላይ ያሉትን አሮጌ ዝርዝሮች ሰብስቡ። ያልተሰበሰበ ወረቀት ሥራ ላይ ይውላል።

የወር መጨረሻንና የሪፖርት ሳምንትን አትምረጡ።

ደረጃ 10፦ የመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት

በየቀኑ ኮድ ያልተሰጠውን ክምርና የተመለሱ የክፍያ ጥያቄዎችን ተመልከቱ። በየሳምንቱ ደግሞ በዜድ የሚያበቁ ኮዶች ከጠቅላላው ስንት በመቶ እንደሆኑ በየክፍሉ አውጡ። በአንድ ክፍል ብቻ ከፍ ካለ የዚያ ክፍል ሐኪሞች ዝርዝር እየጻፉ አይደለም፤ በሁሉም ከፍ ካለ ኮደሮቹ ቸኩለው የመጀመሪያውን አማራጭ እየመረጡ ነው። መፍትሔያቸው የተለያየ ስለሆነ ሳትለዩ ስብሰባ አትጥሩ።

የተለመዱ ስህተቶች

- ያለፉትን ዓመታት መረጃ በሠንጠረዥ ገልብጦ «አይሲዲ-11» ብሎ ማስቀመጥ። ለንጽጽር ከተፈለገ በተለየ ዓምድ፣ «በማዛመድ የተገኘ» የሚል ምልክት ይኑረው።
- ከ10 ወደ 11 ሄዶ በሌላው ሠንጠረዥ መመለስ። የተነሳችሁበት ኮድ ላይ ላትደርሱ ትችላላችሁ።
- ቅጥያ ኮድን ብቻውን መመዝገብ። «ግራ» ብሎ የሚጀምር ምርመራ የለም።
- ዘለላን በኮማ ወይም በባዶ ቦታ ማያያዝ። ተቀባዩ ሥርዓት እንደ ተለያዩ ምርመራዎች ያነበዋል።
- ስለ ሪፖርቱ መለዋወጥ ለአንባቢዎቹ አለመንገር። የደረጃ 3 «ለ» ዝርዝርንና የደረጃ 7ን ጥመርታ ከመጀመሪያው ሪፖርት ጋር አያይዙ።
- ዓመታዊውን ዕትም ሳይሞክሩ መጫን። አዲስ ዕትም ሲወጣ በሙከራው ዳታቤዝ ላይ ጭናችሁ በደረጃ 3 ያዛመዳችኋቸውን ኮዶች አንድ በአንድ አስፈትሹ፤ የተቀየረ ካለ ሠንጠረዣችሁን አርማችሁ ከዚያ ወደ ዋናው ሥርዓት አሳልፉት።